ሳይጀምሩ ፕሮፌሽናል

ጀማሪው ጌም ሠሪ ገና አንዲት ኳስ ማንከባለል ሳይችል ፎቶሾፕ ካልያዝኩ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። የፎቶሾፕ ባለቤት አዶቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 አዲሱን ፎቶሾፕ አንዴ ከፍሎ መገላገልን አስቀርቶ ነገሩን የቤት ኪራይ አድርጎታል፤ በየወሩ፣ ያውም በዶላር! የእኛ ሰው መቼ መላ ያጣል? ከሰፈር ኮምፒውተር ቤት "ክራክ" የሚባለውን ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ በፍላሽ ያስገለብጣል። ምክሩም አብሮ ይሰጠዋል፦ "አንቲቫይረሱን አጥፋ፣ ኢንተርኔቱን ንቀል፣ አፕዴት ቢልህ እንዳትነካው!" ቫይረሱም እግረ መንገዱን ይገባል፤ እሱ እንኳ ኪራይ አይጠይቅም።

ለሥዕል ክሪታ፣ ለ3ዲ ብሌንደር፣ ለጌሙ ጎዶት ግን በሕጋዊ መንገድ በነፃ ተቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 ኦስካር የወሰደው የላትቪያው አኒሜሽን "ፍሎው" የተሠራው በብሌንደር ነው። "ነፃማ ከሆነ የጀማሪ ነው" ብሎ የሚንቀው ታዲያ ማን ነው? ጀማሪው! ወዳጄ፣ ኦስካር ያልናቀውን አንተ አትናቀው።