ድስቱ አንድ ነው ተብሎ ነበር

ስልክ ላይ የሚዞረውን ቪዲዮ ያላየ የለም። እጅ ብቻ ነው የሚታየው፤ ፊት የለውም። እጁ የተፈጨ ስጋ ድስት ውስጥ ይጥላል፣ ሽንኩርት ይበትናል፣ ቲማቲም ይደፋል፣ ደረቁን ፓስታ ከነጥሬው ይሞጅራል፣ ውሃ ያፈስበትና ይከድናል። ክዳኑ ሲነሳ እራት ደርሷል። ከጀርባ የተከፈተው ሙዚቃ እንኳ አላለቀም። ይህን የሚያየው ከሥራ ወጥቶ ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ነው፤ እንኳን ድስት፣ ማንኪያ ለማጠብም አቅም የለውም። ወዲያው ለሚስቱ ይልክላታል። እሷም ሌላ ሰልፍ ላይ ሆና አይታው ኖሮ ቀድማ ልካለታለች። «ዛሬ ይቺን እንሥራ» ይባባላሉ።

እስከዚህ ድረስ ማንም አላጠፋም። ጣጣው የሚጀምረው ድስቱ ከተጣደ በኋላ ነው።

የዚህ ዓይነቱ እራት ዝናው ከአሜሪካ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1971 ጄኔራል ሚልስ የተባለው ኩባንያ «ሃምበርገር ሄልፐር» የሚል ካርቶን በመላ አገሪቱ መሸጥ ጀመረ። ጊዜው የስጋ ዋጋ የአሜሪካን እመቤቶች ያስጨነቀበት ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ደረቅ ፓስታና የቅመም ዱቄት አለ፤ እመቤቲቱ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ የተፈጨ ስጋ መጥበሻ ላይ ጠብሳ፣ ውሃ ጨምራ፣ ካርቶኑን ትገለብጥበታለች። ጥቂቷ ስጋ ለቤተሰብ ትበቃለች። ከ42 ዓመት በኋላ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ የማርታ ስቱዋርት መጽሔት ፓስታውን፣ ቲማቲሙን፣ ሽንኩርቱንና በሶብላውን ባንድነት ጥዶ ከፈላ በኋላ 9 ደቂቃ ያህል የሚበቃው አሠራር አወጣ። ስጋ የሌለው ነበር፤ ስጋውን ሌላው ሰው ጨመረበት።

ብልሃቱ ተንኮል የለበትም። ፓስታ ሲቀቀል ስታርች ይለቃል። እኛ ያንን የደፈረሰ ውሃ አጥልለን እንደፋዋለን፤ በአንድ ድስት ሲሠራ ግን እዚያው ይቀርና ሱጎውን ያወፍረዋል። ስለዚህ ፓስታውን ለብቻው የቀቀለ ሰው ድስት ማብዛቱ ሳያንስ ማወፈሪያውንም በገዛ እጁ ይደፋል።

ሐሳቡ አዲስ አበባ ሲገባ መጀመሪያ የሚጋጨው ከተራራው ጋር ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ 100 ነው። ጥዶ መጠበቅ ላይ እንግዲህ የ8 ዲግሪ ዕዳ አለብን። የፓስታው እሽግ ጀርባ ላይ «ከ8 እስከ 10 ደቂቃ» ብሎ የጻፈው ሰው እንጦጦን አላሰበም። በ9ኛው ደቂቃ ክዳኑ ሲነሳ ፓስታው ገና ነው፤ ጣሊያኖች ጥርስ ላይ ጠንከር ሲል ይወዱታል፣ ይሄኛው ግን ጥርስ ይሰብራል። ነገሩ የገባው ሰው ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አክሎ ጥቂት ደቂቃ ይታገሣል። እኛ ግን ደቂቃ ከመጨመር ድስት መጨመር ይቀለናል።

እስቲ አንድ ኮንዶሚኒየም ቤት እንግባ። ምራት ድስቷን ጥዳለች። አማት ሳሎን ተቀምጠው ቴሌቪዥን የሚያዩ ይመስላሉ፤ ጆሯቸው ግን ወጥ ቤት ነው ያለው።

«ልጄ፣ ሽንኩርቱ ተቁላላ?»

«አራት ደቂቃ ይበቃዋል ይላል፣ እማማ።»

«ማነው የሚለው?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ የለም። ቪዲዮው ፊት የለውም ብያለሁ።

በእኛ ቤት ሞያ የሚለካው በሽንኩርት ነው። ደቆ ይከተፋል፣ ያለ ዘይት ድስቱ ውስጥ ይታመሳል፣ ውሃው ይመጣል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ ከዚያም ገና ነው ይባላል። አራት ደቂቃ የቆየ ሽንኩርት ጥሬ ብቻ አይደለም፣ ነውርም ነው፤ ጎረቤት ቢሰማ ምን ይላል? አማት ከሶፋው ይነሣሉ። «ተይ፣ ትንሽ ላግዝሽ» ይላሉ። ይህች «ትንሽ» ናት ቤቱን የምትገለብጠው።

ሽንኩርቱ በወጉ እንዲቁላላ ሌላ ድስት ይወጣል። ፓስታው «አብሮ ከበሰለማ ሊጥ ነው የሚሆነው» ተብሎ ለብቻው ትልቅ ድስት ይጣድለታል፤ ውሃው ውስጥ ጨውና ዘይት ይጨመራል። (ዘይቱ ውሃው ላይ ተንሳፎ ከመዋል በቀር ለፓስታው የሚፈይደው ነገር የለም፤ ይህን አማት ፊት የተናገረ ጀግና ግን እስካሁን አላየሁም።) ስጋው «ለብቻው ካልተጠበሰ ይሸታል» ስለሚባል መጥበሻ ይወርዳል። ማጥለያ ይፈለጋል፤ ማጥለያው ጎረቤት ሄዷል፣ ልጅ ይላካል። ሱጎው ሲደርቅ ጠብ ጠብ የሚደረግበት ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ ይፈላል። ቅቤ የምትቀልጥባት ትንሿ ድስት በመጨረሻ ትመጣለች። በርበሬው፣ መከለሻውና ኮረሪማው መቼ እንደገቡ ማንም አላየም፤ ሱጎው ግን ቁርጥ ቀይ ወጥ ሆኗል። ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ልጆቹ ዳቦ በልተው ተኝተዋል። አማት እጃቸውን እየጠረጉ፣ «በሉ ብሉ፣ ዛሬ እንኳ ቀለል ያለ ነገር ነው የሠራነው» ይላሉ።

በአማት ወገን ሆኜ ግን አንድ ነገር ልናገር። የጣሊያን የምግብ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1982 የቦሎኛን የስጋ ሱጎ አሠራር በከተማዪቱ ንግድ ምክር ቤት አስመዝግቧል። ሽንኩርት፣ ካሮትና ሴለሪ ይቁላላሉ፤ ስጋው ገብቶ ለሰዓታት በዝግታ ይንተከተካል። የቦሎኛ አያቶችና የእኛ እማማ ቢገናኙ በቋንቋ ባይግባቡ በሽንኩርት ይግባባሉ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የጣሊያን ወረራ ፓስታና መኮሮኒን ትቶልን ሲሄድ እኛም የራሳችን አድርገን፣ በእንጀራ ጠቅልለን፣ ቃሪያ አስከትለን በልተነዋል፤ በዚህም የጣሊያን ይቅርታ አያስፈልገንም። ሁለት ሰዓት ያለው ሰው ሁለት ሰዓት ያብስል፤ ጣፋጭ ነው። የሚያስቀኝ ሌላ ነው፦ ድካም እንዲቀንስልን ብለን የመረጥነውን ምግብ ደክመንበት ካልሆነ አፋችን አይቀበለውም።

ሉካንዳውም የዚሁ ተውኔት ተዋናይ ነው። «ግማሽ ኪሎ ፍጭልኝ» ሲባል ቢላውን እየሳለ፣ «ለክትፎ ነው?» ይላል። «ለፓስታ» ያለ ሰው አለቀለት። የሉካንዳው ፊት ይወድቃል፤ እጁ ከተሰቀለው ሥጋ ወርዶ ጥጉ ላይ ወደተከማቸው ጅማትና ጮማ ይሄዳል። ስለዚህ የከተማው ሰው መዋሸት ለምዷል። ለፓስታው የሚሆን ስጋ «ለክትፎ» ብሎ ይገዛል፣ በክትፎ ዋጋ ይከፍላል፣ ቤቱ ገብቶ ያንን የመሰለ ቀይ ሥጋ አንድ ሰዓት ያፈላዋል። ማብሰሉስ ባልከፋ፤ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የተፈጨ ስጋ ውስጡ 71 ዲግሪ እስኪደርስ እንዲበስል ይመክራል፤ ሥጋ ሲፈጭ ላዩ ላይ የነበረው ጀርም ወደ ውስጥ ስለሚገባ ነው። ቅዳሜ ዕለት ክትፎውን ለብ ለብ አድርጎ፣ እንዲያውም «እሳት አታሳዩት» ብሎ የበላ ሰው፣ ሰኞ ማታ ሃያ ደቂቃ የተንተከተከውን የፓስታ ስጋ በሹካ ጫፍ አንሥቶ መብራት ላይ እያየ፣ «በስሏል እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል።

ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። ፓስታው በአትክልት ይሆናል፤ ስጋና ቅቤ የነካው ድስት ለጾም አይሆንም በሚባልበት ቤት የጾሙ ድስት ለብቻው ተቀምጧል። እንግዲህ የአንድ ድስት ፓስታ ለመሥራት ገና ከመነሻው ሁለት ድስት ያስፈልጋል።

ባል ያበሰለ ዕለት ግን ድስቱ በእውነት አንድ ይሆናል። ወንድ ልጅ ወጥ ቤት ሲገባ መመሪያ ያከብራል። ቪዲዮው ያለውን አንዲት ሳይጨምር ይሠራል፤ ግን አንድ እጁ ስልኩን ይዟልና ሥራው የሚሠራው በቀሪዋ እጅ ነው። «ጨው የት ነው? ማማሰያውን አቀብዪኝ። ቲማቲሙ ይላጣል ወይስ አይላጥም? አንተ ልጅ፣ ነጭ ሽንኩርት ላጥ!» ድስቱ አንድ፣ ሠራተኛው ሦስት። ክዳኑን ከከደነ በኋላ ሳሎን ሄዶ የድስቱን ፎቶ ይለጥፋል፣ የተጻፈለትንም ሙገሳ ያነባል። ከቪዲዮው ግን ተቆርጦ የወጣ ነገር ነበር፦ ማማሰሉ። በጥቂት ውሃ የሚበስል ፓስታ በየሁለት ደቂቃው ከሥሩ ካልተነካ ይይዛል፣ ያርራል። ሽታው ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ ጎረቤት «ምን ተቃጠለ?» ይላል። ባልየው የላይ የላዩን ጨልፎ ያቀርባል፣ የበላው ሁሉ እንዲያመሰግነው በየተራ ዓይን ዓይኑን ያያል፣ ከዚያም ድስቱን ውሃ ሞልቶ ማጠቢያው ውስጥ ያስቀምጠዋል። «እንዲርስ ነው» ይላል። ድስቱ እስከ ሐሙስ ይርሳል።

እንግዳ በር ካንኳኳ ደግሞ ፓስታው ይደበቃል። ሥጋ አለው፣ ቲማቲም አለው፣ ቤቱን አውዶታል፤ ሆኖም አስተናጋጇ ፊቷን አኮሳትራ፣ «ውይ፣ ምንም የለም እኮ! ፓስታ ነው እንጂ» ትላለች። እንግዳውም የፓስታው ሽታ ምራቁን እያስዋጠው፣ «ኧረ በልቼ ነው የመጣሁት» ብሎ ይምላል። ሁለቱም እየተራቡ ቡና ይፈላል፤ ቡናው ከመቆላቱ እስከ ሦስተኛው ድረስ በሚወስደው ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ፓስታ መሥራት ይቻል ነበር።

ለሚሰማኝ ግን አሠራሩ ይህ ነው። ሥሩ ወፈር ያለ ሰፊ ድስት ይጣድ። ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ስጋ ይግባና ውሃው መጥጦ መጥበስ እስኪጀምር ይጠበቅ፤ እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም፣ ጣዕሙ የሚመጣው ሥጋው ቡናማ ሲሆን ነው። ሽንኩርቱ እዚያው ይጨመር፤ እማማን ደስ ለማሰኘት አሥር ደቂቃ ይቆይ፣ ማንንም አይጎዳም። ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ ከተፈለገ በርበሬ ይግባና ድልሁ እስኪጠቁር ይቁላላ። ከዚያ የተከተፈ ቲማቲም፣ አንድ እሽግ ማለትም 500 ግራም መኮሮኒ፣ ጨው፣ ከአንድ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ሙቅ ውሃ ይከተል። ስፓጌቲ ከሆነ ካልሰበሩት ድስቱን አልፎ ይቆማል፤ ለዚህ ሥራ መኮሮኒ ይሻላል። ከሥር እየነኩ ማማሰል፣ ሩብ ሰዓት ገደማ ሲሆን መቅመስ፤ አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ይጨመርበታል፣ ድሬዳዋ ላይ ትንሽ ይቀነስለታል። ውሃው ሳይመጥ ገና ቀጠን ብሎ እያለ ይውጣ፤ ክዳኑ እንደተከደነ አምስት ደቂቃ ሲቀመጥ ራሱ ይጠጣዋል። ይህን ጽሑፍ ያነበበች አንዲት ዘመዴ እዚህ ላይ ስትደርስ፣ «ቅቤውስ?» አለችኝ።

ምግቡን እንደ ቪዲዮው የሚሠሩት ወገኖቻችን ያሉት ሩቅ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ሁለት ሥራ ሠርታ በእኩለ ሌሊት ቤቷ የምትገባ ልጅ ለሽንኩርት ይሉኝታ ጊዜ የላትም። ውሃዋ በ100 ዲግሪ ይፈላል፣ እሽጉ እንዳለው በደቂቃው ይደርሳል፣ ከአገር የተላከላትን በርበሬ ነስንሳበት ከነድስቱ ሶፋ ላይ ይዛው ትቀመጣለች። በዚያ ሰዓት አዲስ አበባ ነግቷል፤ እናት ይደውላሉ። ብልጥ ልጅ «ሽሮ በላሁ» ትልና ነገሩን ትዘጋዋለች። ያልበሰለችው እውነቱን ትናገራለች።

«ፓስታ በስጋ ሠርቼ በላሁ፣ እማዬ። ጠግቤያለሁ።»

እናት ጥቂት ዝም ይላሉ።

«እሱንስ ሰማሁ፤ እራት ምን በላሽ ነው የምልሽ?»