መሣሪያው ከዘፈኑ ሲበልጥ

የድምፅ ጥራት አምላኪ ወዳጄ ድምፅ ማጉያው የመኪና ዋጋ ያወጣል፤ ሽቦው ብቻ የሞተር ሳይክል። የሚያደምጠው ግን ሦስት ዲስክ ነው፤ ሦስቱም እንከን የለሽ ቅጂ፣ ማንም የማያንጎራጉራቸው።

«እስቲ ጥላሁንን ጋብዘን» ሲሉት ፊቱ ይጨማደዳል። አማሃ እሸቴ በ1960ዎቹ ያሳተማቸው ሸክላዎች ለእሱ የወንጀል ማስረጃ ናቸው፤ ሳክስፎኑ ማይክሮፎኑ ላይ ተቀምጧል፣ ቤዙ ከጎረቤት የሚመጣ ይመስላል፣ ሸክላው ይንጣጣል። የካሴቱንማ ዘመን አያንሱበት፤ ከቅጂ ላይ ተቀድቶ፣ ሽሽታው ከዘፋኙ ቀድሞ ይገባል። እኛ ሚኒባስ ውስጥ በተቀደደ ስፒከር እየሰማን ሆዳችን ይባባል፤ እሱ ያን ሁሉ ብር አፍስሶ ስህተት ይለቅማል። መሣሪያው በተሻለ ቁጥር የሚሰማው ዘፈን ያንሳል።

«እስከ 40 ሺህ ኸርዝ ይደርሳል» እያለ ይኩራራበታል። የወጣት ጆሮ እንኳ ጣሪያው 20 ሺህ ገደማ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ከላይ እየተሸረሸረ ይወርዳል። ወዳጄ ሃምሳን ከዘለለ ሰንብቷል። ትርፉን የሚሰማለት የግቢው ውሻ ብቻ ነው፤ እሱም ስለ ቀረጻ ጥራት አጉረምርሞ አያውቅም።