መግባት በእግር፣ መውጣት በፈቃድ

ሻንጣውን በጀርባው አዝሎ፣ ርካሽ ማደሪያ እየመረጠ፣ ባገኘው መኪና እየተሳፈረ አገር የሚያስስ መንገደኛ፣ በዘመናችን አጠራር «ባክፓከር»፣ ከሌላው ጎብኚ የሚለየው በኪሱ መሳሳት ብቻ አይደለም፤ ሌላው ሰው ስሙን ሰምቶ ከሚሸሸው አገር ቀድሞ በመድረሱ፣ ከደረሰም በኋላ «ምንም አልሆንኩም» እያለ በማውራቱም ጭምር ነው። ይህ ወሬ ሲደጋገም አገሩ ደኅና አገር ይባላል፣ ሆቴል ይሠራበታል፣ የእንቁላል ዋጋ ይወደድበታል፤ ያን ጊዜ ባክፓከሩ ተማርሮ ሌላ የሚያስፈራ አገር ፍለጋ ይነሣል።

የደቡብ አሜሪካዋ ኮሎምቢያ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናት። በአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች፣ በሽምቅ ተዋጊዎችና በእገታ ስሟ ለረጅም ዘመን ከፍቶ የኖረችው ይህች አገር፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ጫካ ውስጥ ያለውን «የጠፋውን ከተማ» ሊያዩ የወጡ ስምንት የውጭ አገር ሰዎች የታገቱባት ስትሆን፣ አምስት ዓመት ያህል ቆይታ ግን «በኮሎምቢያ የሚያሰጋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚያው መቅረት ያምርዎታል» የሚል መልእክት ያለው ማስታወቂያ ለዓለም አሰራጨች። ማስታወቂያው ብልህ ነው፤ ፍርሃቱን ሳይክድ ወደ ግብዣ ይለውጠዋል። የአንኮበርን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ግን ሐሳቡ ከሸዋ ነገሥታት የተቀዳ ሊመስለው ይችላል፤ ልዩነቱ በሸዋ የመቅረቱ ነገር የሚያምረው ለመንገደኛው ሳይሆን ለንጉሡ መሆኑ ነበር።

የዚህ ልማድ የመጀመሪያው ታዋቂ ተጠቃሚ፣ «ተጠቃሚ» ማለት ከተቻለ፣ ፔሮ ዳ ኮቪልያ የተባለው ፖርቱጋላዊ ነው። በ1487 እ.ኤ.አ. ከአገሩ ንጉሥ ተልኮ የወጣው ይህ ሰው ከዓመታት ጉዞ በኋላ ዐፄ እስክንድር ዘንድ ሲደርስ በክብር ተቀበሉት፤ የመልስ መንገድ ሲጠይቅ ግን ዐፄ እስክንድር ሞቱ፣ ኋላ የነገሡት ዐፄ ናዖድም እንዲሄድ አልፈቀዱለትም። በምትኩ ርስት ተሰጠው፣ ሚስት አገባ፣ ልጆች ወለደ። በ1520 እ.ኤ.አ. የፖርቱጋል መልእክተኞች መጥተው ሲያገኙት በደስታ አለቀሰ ይባላል። መልእክተኞቹ ከስድስት ዓመት በኋላ ሲመለሱ እርሱ ቀረ፤ ዕድሜውም እዚሁ አለቀ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ርስት እየበላ የኖረን ሰው እስረኛ ማለት ይከብዳል፣ ነፃ ሰው ማለትም እንዲሁ፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሳይቆርጡ እስከ ዛሬ ያልፉታል።

ወደ አስራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ስንሻገር አንኮበር የሸዋ መናገሻ ሆና፣ ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. የነገሡት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የአውሮፓን ሰዎች ከገደሉ አፋፍ ሲቀበሉ እናገኛለን። ከባሕር በኩል ወደዚህ የሚያደርሰው መንገድ ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ፣ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ የሚገኘውን የአሳል የጨው ሐይቅ ታክኮ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ ወደ ይፋት ቆላ የሚዘልቅ ነበር። «ሸዋ አደገኛ ናት» የሚለው ዝና የመነጨው ከዚህ መንገድ እንጂ ከሸዋ አይደለም፤ ዝናውም ከሜዳ አልተነሣም። በ1841 እ.ኤ.አ. ከቦምቤ የተላከው የካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ልዑክ ጎንጎንታ ከተባለ ሸለቆ ሲያድር፣ ሁለት ወታደሮችና አንድ ፖርቱጋላዊ ወጥ ቤት በተኙበት ተገድለዋል።

ሆኖም የሃሪስን ጓዝ የተመለከተ ሰው፣ አደጋው ከመንገዱ ነው ወይስ ከጭነቱ የሚል ጥያቄ ቢያነሣ አይፈረድበትም። ልዑኩ ለንጉሡ እጅ መንሻ፣ ማለትም ባለሥልጣን ፊት ሲቀርቡ የሚሰጥ ስጦታ፣ ይዞ የሄደው ጠመንጃ፣ መድፍ፣ የከሽሚር ሻልና ራሱን በራሱ የሚያዜም የሙዚቃ ሳጥን ሲሆን፣ ይህ ሁሉ በግመል ተጭኖ፣ ለግመሉ ኪራይ ከባለግመሉ ጋር፣ ለማለፊያው ከባላባቱ ጋር፣ ለውኃው ደግሞ ከሁለቱም ጋር እየተከራከሩ የሚጓዝ ነበር። በጀርባው ከሚያዝለው በላይ ያልያዘ ሰው እነዚህ ክርክሮች አይደርሱበትም።

በረሃውን በሕይወት የጨረሰ መንገደኛ ፋሬ ከተባለችው የጠረፍ መንደር ሲደርስ አደጋው ያበቃ ይመስለዋል፤ የሸዋ እንግዳነት የሚጀምረው ግን ከዚህ ነው። በፋሬ በኩል የሚገባውን እንግዳ የሚቀበሉት የይፋት ገዥ ወላስማ መሐመድ ነበሩ፤ ወላስማ የአካባቢው ገዥዎች የቆየ ማዕረግ ነው። እኒህ ሰው በአንድ እጃቸው የጠረፉን በር፣ በሌላው ደግሞ ለዙፋን ያሰጋሉ የተባሉ የንጉሥ ዘመዶች የሚታሰሩበትን የጎንቾን እስር ቤት ስለሚጠብቁ፣ የዛሬውን የኢሚግሬሽንና የማረሚያ ቤት ሥራ አንድ ላይ ይዘውት ነበር ማለት ይቻላል፤ እንግዳውም ወደየትኛው ክፍል እንደሚመራ እስኪያውቅ ድረስ ትሕትናው ከፍተኛ ነበር። ከንጉሡ ፈቃድ ሲመጣ ባልደረባ ይመደብለታል፤ ባልደረባ እንግዳውን ወደ ንጉሥ የሚያቀርብ፣ ጉዳዩን የሚያደርስ፣ በዚያው አጋጣሚም የት እንደዋለና ከማን ጋር እንደተጫወተ ለቤተ መንግሥት የሚያሳውቅ ሰው ነው። ቀጥሎ ድርጎ ይታዘዝለታል፤ ይህም ለንጉሥ እንግዳ በየዕለቱ የሚሰፈር ቀለብ ሲሆን፣ እንጀራው፣ ጠጁ፣ በጉ ሁሉ ከመንግሥት ጓዳ ይወጣል። በቀለቡ መጥፎነት ሳይሆን በጥሩነቱ ብዛት እንግዳው ይቸገራል፤ ድርጎ እየበላ «ልሂድ» ማለት ነውር ይሆንበታልና።

ነውሩ ሕግም ነበረው። ያለ ንጉሡ ፈቃድ ከሸዋ መውጣት ክልክል ሲሆን፣ በሸዋ የሞተ የውጭ አገር ሰው ንብረቱ ለንጉሡ ይገባ ነበር። በኅዳር ወር 1841 እ.ኤ.አ. ሃሪስ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር በ16 አንቀጽ የተዋዋለው የንግድ ስምምነት ከያዛቸው ነገሮች መካከል ይህ የንብረት ውርስ እንዲቀርና በመንግሥቱ ውስጥም ሆነ ወደ ውጭ መንቀሳቀስ ክልክል እንዳይሆን የሚሉት ይገኙበታል። ሃሪስ ይህን እንደ ታላቅ የዲፕሎማሲ ድል በሦስት ቅጽ መጽሐፉ ጽፎታል፤ በቀላል አማርኛ ስንመልሰው ግን አንድ ካፒቴን መድፍ እስከ መስጠት ደርሶ ያገኘው የመውጫ ቪዛ ነበር። በጎንቾ የታሰሩት የንጉሥ ዘመዶች በ1843 እ.ኤ.አ. መፈታታቸው ግን ከስምምነቱ ይልቅ የሚመሰገንበት ሥራ ነው።

ለመውጣት ፈቃድ ያገኘ ሁሉ ግን አተረፈ ማለት አይደለም። ከ1839 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንኮበር የተቀመጠው ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በመጋቢት 1842 ከንጉሡ ተሰናብቶ በሰሜን በኩል ወደ ጎንደር አቀና፤ በወሎ አዳራ ቢሌ የተባለው ባላባት በመጀመሪያው ዕለት በደስታ ተቀበለው፣ መንገዱ ስላልተመቸው ተመልሶ ሲመጣ ግን አስሮ ዘረፈው፤ ሚስዮናዊውም እየለመነ ምጽዋ ደረሰ። እንግዳን ከአንኮበር በቀላሉ የማያስወጡት ንጉሥ ምናልባት የሚያውቁት ነገር ነበር።

ከዚያ ዘመን መንገደኞች ሁሉ ለዛሬው ባክፓከር የሚቀርበው ሃሪስ ሳይሆን ቻርልስ ጆንስተን የተባለው የመርከብ ሐኪም ነው። በ1842 እ.ኤ.አ. በዚያው በታጁራ መንገድ ያለ ልዑክ ግርማ መጥቶ፣ ከአንኮበር በታች ባለችው የገበያ ከተማ አልዩ አምባ ከነጋዴዎቹ መካከል ቤት ይዞ፣ በወባ እየተንቀጠቀጠ ወራት ቆየ። ሃሪስ ከአፋፉ ላይ ሆኖ ሸዋን በግርማ ሞገስ ሲያይ፣ ጆንስተን ከገበያው መሐል ሆኖ ዋጋዋን ጠየቀ፤ ሁለቱም በ1844 መጽሐፍ አወጡ። የሃሪስ መጽሐፍ ያማረ ነው፣ የጆንስተን ይታመናል።

ባዶ እጁን የመጣውን ሰው አንኮበር ካከበረች፣ ዕዳ ይዞ የመጣውን ደግሞ እንዴት እንደተቀበለች ከአርቱር ራምቦ በላይ የሚመሰክር የለም። ግጥሙን ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ትቶ ወደ ንግድ የዞረው ይህ ፈረንሳዊ፣ ሁለት ሺህ ገደማ ጠመንጃ ለምኒልክ ሊሸጥ አስቦ በታጁራ ዓመት ሊሞላው እስኪቃረብ ሲጉላላ ከርሞ፣ በጥቅምት 1886 እ.ኤ.አ. ተነሥቶ በየካቲት 1887 አንኮበር ገባ። በረሃው አልገደለው፣ ሽፍታም አልዘረፈው፤ አንኮበር ሲደርስ ግን ንጉሡ የሉም፣ ወደ እንጦጦ ሄደዋል። በጠመንጃው ንግድ አጋሩ የነበረውና በሸዋ ለዓመታት የኖረው ላባቱ ቀድሞ ስለሞተ፣ የሟቹ ገንዘብ ጠያቂዎች፣ እውነተኛዎቹም የእውነተኛ መሳዮቹም፣ ራምቦን ከበቡት። ያዘነለት ሁሉ ሒሳብ ይዞ የመጣ ነበር። ምኒልክም በዋጋው ላይ የላባቱን ዕዳ ቀንሰው፣ የቀረውን ሐረር ላይ ከደጃዝማች መኰንን እንዲቀበል ወረቀት ጻፉለት። በዚህ ሁሉ መካከል ራምቦ የላባቱን የማስታወሻ ደብተሮች ያቃጠለ ሲሆን፣ ኋላ በጻፈው ደብዳቤ እንዳመነው የንብረት ሰነዶች በመካከላቸው ነበሩ። የራሱን ግጥም እንደ ጉዳይ ያልቆጠረ ሰው የሌላውን ደብተር ይምራል ብሎ መጠበቅም ይከብዳል።

በሸዋ መቅረት በእውነት ያማረው፣ የኮሎምቢያ ማስታወቂያም ያለ ሐፍረት ሊለጠፍበት የሚችል ሰው ማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ ነው። በ1876 እ.ኤ.አ. የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበርን ጓድ እየመራ ሲመጣ ዕድሜው 65 ገደማ የነበረው ይህ ሽማግሌ፣ ምኒልክ በአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጥተውት ወፍ እያደነ፣ ቆዳዋን እያደረቀ፣ ስሟን እየጻፈ ስድስት ዓመት ኖረ፤ በ1882 እዚያው ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። ዕጣ ግን ቀልደኛ ናት፤ ከዓለም ዙሪያ ወፍ ተመልካቾችን ወደ አንኮበር የምትስበው ትንሿ ቡናማ ወፍ፣ በከተማዪቱ ስም «የአንኮበር ሰሪን» የተባለችው፣ ከሽማግሌው ደጅ ብዙም በማይርቅ ገደል ላይ እያለች ለሳይንስ የታወቀችው በ1976 እ.ኤ.አ. ማለትም አንቲኖሪ ከደረሰ ልክ መቶ ዓመት በኋላ ነው።

ስለ ሸዋ መንገድ የጻፉት እነዚህ ሁሉ የውጭ ሰዎች ሲሆኑ፣ በዚያው መንገድ ከማናቸውም በላይ የተጓዘው ግን መጽሐፍ አልጻፈም። የቆሎ ተማሪ ማለት ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ፍለጋ ከትውልድ ቀዬው ወጥቶ ዜማ ለመማር አንዱ ደብር፣ ቅኔ ለመማር ሌላው እያለ ጎጃምና ጎንደር የሚዘልቅ፣ የበግ ለምድ የሆነውን ደበሎ ለብሶ፣ የለመነውን የሚያኖርባትን አኩፋዳ በትከሻው ያንጠለጠለ ልጅ። ሻንጣው አኩፋዳ፣ መኝታው ደበሎ፣ የሆቴል ዋጋው «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሆን፣ ሽፍታ ከእርሱ የሚወስደው ጉርሻ ስለሌለው አይነካውም፤ መሽቶበት «የእግዜር እንግዳ» ብሎ የቆመበት ደጅም አይዘጋበትም። በዓለም ላይ የሚያሰጋው ፍጡር አንድ ብቻ ነው፤ የሰው ውሻ። ለዚህም ዱላ ይይዛል። የጉዞ ማስጠንቀቂያ የሚያወጡ መንግሥታት ይህን የመሰለ መንገደኛ ቢኖራቸው ሥራቸው ምንኛ በቀለለ።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ራምቦ ከታጁራ ተነሥቶ በአራት ወር የደረሰባትን አንኮበር፣ በማለዳ ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ ከቀትር በፊት ይደርስባት ነበር። በቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ሎጅ ተሠርቶ፣ ጭላዳውን፣ ሰሪኗንና ወፍ ዋሻ ደንን ሊያዩ የሚመጡ ባለ ጀርባ ሻንጣዎች የተለመዱ ሆነው ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግን በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት ብሪታንያን የመሳሰሉ መንግሥታት ዜጎቻቸው ወደ ክልሉ እንዳይሄዱ አስጠንቅቀዋል። ይህ ቀልድ የሚቀርበው ነገር አይደለም፤ ካርታው ቀይ ሲቀባ ጎብኚው አገሩ ይቀራል፣ የአንኮበር ገበሬ ግን በቀዩ ውስጥ ሆኖ ያርሳል። ጉዞ ያሰበ ሰው ስለዚህ ከወሬም ከካርታም አስቀድሞ የዕለቱን ሁኔታ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ከሚቆሙት ሾፌሮች ይጠይቅ፤ «አይቻልም» ካሉት አይከራከር፣ «ይቻላል» ካሉት ደግሞ ሻንጣውን አቅልሎ ጋቢ ይደርብ፤ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካም የተተከለባት በከንቱ አይመስልም።