ሰበብ ያሳጡን ልጆች

አሁንስ እነዚህ የኢንተርኔት ልጆች አበዙት! ድሮ ናይሮቢ ላይ ዕዳ ያለበት ሰው በሰላም ይኖር ነበር። አሜሪካን በፊልም ብቻ የማውቀው ሰውዬ፣ ከመንገዱ ማዶ ላለው አበዳሪዬ የምጽፈው ኢሜይል ውቅያኖስ ተሻግሮ ነበር የሚደርሰው። የእሱ ኢንተርኔት አቅራቢ ሌላ፣ የእኔ ሌላ፤ ከተማው ውስጥ የሚያገናኛቸው ገመድ የለም። አንዱ በሳተላይት ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ ይልካል፣ ሌላው ከዚያ ተቀብሎ ይመልሳል፤ ለመሄጃውም ለመመለሻውም በዶላር ይከፈላል። «አልደረሰኝም» ብትል ማን ይከራከርሃል?

አቅራቢዎቹ ቴስፖክ በሚባል ማኅበራቸው መከሩና እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2000 የኬንያን የኢንተርኔት መለዋወጫ ከፈቱ። ተአምር መስሎኝ ነበር። ለካ አንድ ክፍል ውስጥ ስዊች አስቀምጠው፣ ሁሉም የየራሱን መስመር ስቦ መሰካት ነው! የአገሩ ጉዳይ እዚያው ይሻገራል፤ ውጭ የሚወጣው የውጭው ብቻ። ለልውውጡ ደግሞ አንዱ ሌላውን ሒሳብ አይጠይቅም። ተፎካካሪ ነጋዴዎች እኮ ናቸው! እኛ ግቢ ለአንድ የውሃ ታንከር መስማማት አቅቶን ስንት ዓመት ተኳርፈናል።

ደግነቱ የስልክ ኩባንያው ቴልኮም ኬንያ እንደኔው የድሮ ሰው ነው። በሕግ ለብቻዬ የተሰጠኝን መብት ነኩብኝ ብሎ አቤት አለ፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም በሁለት ሳምንት ገደማ ዘጋው። ቡና አስፈላሁ። ምን ዋጋ አለው፣ ልጆቹ አይሰለቹም! ተከራክረው፣ ፈቃድ አውጥተው በፌብሩዋሪ 2002 መልሰው ከፈቱት። ከሰከንድ በላይ ይፈጅ የነበረው የመልእክት ምልልስ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በታች ወረደ። በዚህ ፍጥነት ሰው እንዴት አድርጎ ውሸት ያስባል?

ከዚያ ጉግልም ሰርቨሩን አምጥቶ ናይሮቢ አስቀመጠ። በ2012 ከአገሪቱ የኢንተርኔት ፍሰት እዚያው የሚያልቀው 30 በመቶ ያህሉ ነበር፤ በ2020 ግን 70 ገባ። በዓመት ስንት ሚሊዮን ዶላር ዳነ ይላሉ። ለእኔ ግን አንድ ሽልንግ አልደረሰኝም፤ ይሄን እንኳ እውነቴን ነው።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ዕድለኛ ነበር። ቴሌ ብቻውን ሳለ ከማን ጋር ይለዋወጣል? በ2022 ሳፋሪኮም እዚያ ሥራ ሲጀምር ግን ወዲያው ደወልኩለት፦ «ወንድምዬ፣ ሁለት ሆነዋል፤ ነገ መገናኛ መፈለጋቸው አይቀርም። አንተም ካሁኑ ሌላ ሰበብ ፈልግ!»