«ያው ዘይት ነው፣ ጋሼ!»

የሞተር ዘይት አምራቾች ኬሚስት ቀጥረው፣ ላቦራቶሪ ከፍተው ዓመታት የሚለፉት የእኛን ጋራዦች ስለማያውቁ ብቻ ነው። አንድ ቀን ጎራ ቢሉ ድካማቸው ሁሉ በአንዲት ቃል ባለቀላቸው፦ «አያስቡ ጋሼ፣ ሁሉም ያው ዘይት ነው!»

አሠራሩ ያስቀናል። ከሚኒባስ የተረፈ ወፍራም 20ደብልዩ-50፣ ከጥግ የተገኘ 5ደብልዩ-30፣ ደግሞም ጽሑፉ ከለቀቀ ጀሪካን ግርጌ የተንጠፈጠፈ አንድ ነገር፤ ሦስቱም በተቆረጠ የሃይላንድ አንገት በኩል ወደ ቪትዟ ይወርዳሉ። «ቀጭኑ ወፍራሙን ያመጣጥነዋል» ይሉናል። ባለ 30 እና ባለ 40 ከሆነማ፣ ሲደመር፣ ለ2 ሲካፈል 35! የዘይት ውፍረት ደረጃ የሚያወጣው ኤስኤኢ በሰንጠረዡ ላይ 35 የሚባል ቁጥር አለማስፈሩ የራሱ ጉድለት ነው። የድብልቅ ውፍረት በመደመርና በማካፈል አለመገኘቱ፣ በብርድ ሌሊት የሚያሳየው ጠባይም ሳይለካ አለመታወቁ የዘይቱ ጥፋት እንጂ የሒሳቡ አይደለም።

ለእውነቱ ግን የጋራዡ ሊቃውንት ጨርሰው አልተሳሳቱም። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም (ኤፒአይ) ፈቃድ ያላቸው የሞተር ዘይቶች ከሌሎች ጋር መዋሃድ መቻላቸው ይፈተናል። ስለዚህ ድብልቁ አይረጋም፤ መኪናዋም ከጋራዡ በር ሳትወጣ ቀጥ አትልም። «ይኸው፣ ምን ሆነች?» ምንም። ፈተናው የሚጠይቀው ግን መዋሃዱን ነው፤ ድብልቁ ከሁለቱ የአንዱን ያህል ሞተር ይጠብቃል ያለ የለም። በእያንዳንዱ ዘይት ውስጥ ብረቱን የሚሸፍን የዚንክና የፎስፎረስ ውሁድ፣ ቆሻሻ የሚያጥብ ካልሲየም ወይም ማግኒዥየም፣ ጥቀርሻውን ተሸክሞ የሚዞር ቅመም እርስ በርሱ ተመጥኖ ገብቷል። አጣቢውና ሸፋኙ ደግሞ የሚሻሙት ያንኑ አንድ የብረት ገጽ ነው። የሁለት ቤት በርበሬ ቀላቅላ የተሻለ ወጥ የምትጠብቅ ባለሙያ አላየሁም፤ ሞተር ግን ምላስ የለውም። ካምሻፍቱና የፒስተን ፋሻው፣ የዘይቱ ንጣፍ ሳስቶ ብረት ከብረት በሚነካካበት ቦታ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ይበላሉ።

የካምቢዮ ዘይት ለሞተር የሚያበድሩትማ ሌላ ማዕረግ ይገባቸዋል። «ወፍራም ነው፣ ይይዛል!» ለጥርስና ለጥርስ ፍትጊያ ተብሎ ድኝ የበዛበት፣ የሞተር ቆሻሻ የሚያጥብ ቅመም የሌለው መሆኑ ምን ገዷቸው! ከሁሉ የረቀቀው ግን መኪና ሻጩ ነው። ዘይት የምትበላዋን መኪና ለገበያ ሲያቀርብ ወፍራሙን ያጠጣታል፤ ጭሱ ይቀንሳል፣ ኳኳታው ዝም ይላል። ገዢው «ሞተሯ ንጹህ ነው» ብሎ መርቆ ይወስዳታል፤ በሳምንቱ ቀጭኑን ይጨምርባታል።

አባይ በረሃ ላይ ቀይዋ የዘይት መብራት የበራችበት ሰው ሞተሩን አጥፍቶ ያገኘውን የሞተር ዘይት ቢጨምር ማን ይወቅሰዋል? ያለ ዘይት ሞተር በደቂቃዎች ያልቃል። የሚገርመኝ አዲስ አበባ መሐል፣ ሱቁ ከጎኑ ተከፍቶ ሳለ፣ ዓመቱን ሙሉ አባይ በረሃ የሚውለው ነው።

እርሱም አንድ ቀን ፋሻው አልቆ፣ ሲሊንደሩ ተፍቆ ሬቲፊካ ቤት ይደርሳል። «ምን ነካት?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ነዳጁ ነው ጋሼ። የዘንድሮ ነዳጅ ውሃ አለበት።»