ለጀማሪ ባለብረት

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ! ብረት ልትይዝ ነው አሉ። ዛሬ እዚህ ጎንደር የቁስቋምን አቀበት ስወጣ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ወሬው ይኸው ነው። እኔም ታላቅህ ነኝና ሳልመክርህ ብቀር ይቆጨኛል።

ምንሽርና ውጅግራ የአያቶችህ ናቸው፤ ለፎቶ ካልሆነ አትጠጋቸው። አንተን የሚመጥንህ ክላሽ ነው። ገንዘቡ አያስጨንቅህ፤ ሁለቱን በሬዎችህን ሸጠህ የቀረውን ትበደራለህ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ክላሹን ከቀንበር ታስረዋለህ፤ ምን አለበት፣ ሰደፉ ድግር ይመስላል።

ፈቃድ አልክ? አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ግን አዋጅ ያነበበ ሰው መቼ ተፎክሮለት ያውቃል!

ዋናው ነገር እንክብካቤው ነው። ማለዳ ፊትህን ሳትታጠብ ብረትህን ወልውል። ንጹሕ ጨርቅ ያስፈልግሃል፤ የልጅህ የትምህርት ቤት ሸሚዝ ለዚህ የተሰፋ ይመስላል። ባለቤትህ «ዘይት አልቋል» ስትልህ አትደንግጥ፤ «የቱ?» ብለህ ጠይቃት። የወጡ ከሆነ ይደርሳል። ሐምሌ ላይ ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ጋቢህን አውልቀህ ክላሹን ጠቅልልና ደረቁ ጥግ ላይ አስተኛው። ልጆቹ እንደሆኑ አይዝጉም።

ሚካኢል ካላሽኒኮቭ ራሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በ94 ዓመቱ ከመሞቱ በፊት፣ ለሩሲያው ፓትርያርክ ለኪሪል ደብዳቤ ጽፎ ነበር። የሠራሁት መሣሪያ ለቀጠፈው ነፍስ ተጠያቂው እኔ ነኝ ወይ እያለ መጨነቁን ነበር የነገራቸው። ሰው ሲጃጅ እንዲህ ነው፤ አትስማው።

አሁን ብረቱ የተገዛለት ቀን ደረሰ እንበል፦ የአክስትህ ልጅ ሠርግ። ሙሽራው ከደጅ ብቅ ሲል ወደ ሰማይ ትለቀዋለህ። አንድ ካዝና 30 ጥይት ይጎርሳል፤ እያንዳንዱ ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 700 ሜትር ያህል ይምዘገዘጋል። እልልታው ይቀልጣል። ሰማይ ግን የላክህለትን አያስቀርም፤ ይመልሰዋል። የት እንደሚወርድ አንተን አይመለከትህም፤ እሱ ከታች ሰፈር ቆርቆሮ ሥር የተኛው ሰው ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1770 በዚሁ በቁስቋም፣ በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ፣ የፈንጣጣ ሕሙማንን ያከመ ጀምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ነበር። ይህ ሰው ጎንደር ላይ በእርሳስ ፈንታ የሞራ ሻማ በጠመንጃው ተኩሶ ሦስት ጋሻ እንደበሳ ጽፏል። ጋሻ እንዲህ በሻማ ከተበሳ፣ የወንፊት ያህል ለሳሳ ቆርቆሮ ምን ዋስ አለው? ደግሞ የቆርቆሮስ ይሁን፤ የልጅ ጭንቅላት ከዚያም ይሳሳል።

ይቅርታ፣ ምክሬን ረሳሁ። ፉከራህን አሳምር፣ ዝናርህን አጥብቅ፣ ዕዳህን ለሚስትህ አትንገራት።

አንዲት ነገር ብቻ ልለምንህ፤ ይህቺ እንኳ ከሽሙጡ አይደለችም። ቁስቋም እመቤታችን ልጇን አዝላ ከሄሮድስ ሰይፍ ሸሽታ ያረፈችበት ስፍራ ስም ነው። ንግሡ ኅዳር 6 ነው። የዚያን ቀን ስትመጣ ብረቱን ከቤት ተወው፤ ቅጥሩ ልጅ ባዘሉ እናቶች ይሞላል።