የሁለት አውንስ ሊቃውንት

ልጆቻችን ሕግ አያውቁም የሚል ሰው ካለ፣ ቅዳሜ ማታ ዋሽንግተን ዲሲ፣ የዩ ስትሪትና የናይንዝ ስትሪት ጥግ ብቅ ይበል። ከሐበሻ ሬስቶራንቱ ደጅ ቆሞ ጭሱን ወደ ላይ የሚለቀውን ጎረምሳ ያናግረው። ልጁ የቤት ኪራይ ውሉን የፈረመው ሳያነብ ነው፤ መንጃ ፈቃዱ መቼ እንደሚያበቃም አያውቅም። ስለ ዊድ፣ ማለትም ስለ ማሪዋና፣ ሲሆን ግን እንደ ዳዊት ይወጣዋል፦ ኢኒሼቲቭ 71፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 ሕዝብ ድምፅ የሰጠበት፣ በፌብሩዋሪ 2015 ሥራ ላይ የዋለ። 21 ዓመት የሞላው ሰው እስከ ሁለት አውንስ ይይዛል፤ ቤቱ ውስጥ እስከ ስድስት እግር ይተክላል፤ ከስድስቱ ለአበባ የሚደርሱት ከሦስት አይበልጡም። ዕድሜ ልካቸውን ጓሮ ጎመን ሲተክሉ የኖሩት አያቱ እንኳ እንዲህ በቁጥር አልሠሩም። «መንገድ ላይ ማጨስስ?» ብለው ሲጠይቁት ግን አንቀጹ ይጠፋበታል። ክልክል ነዋ!

ሕጉ መሸጥን አልፈቀደም፤ በስጦታ መስጠትን ግን አልከለከለም። ከዚያ ወዲያ ከተማዋን ያጥለቀለቃት ቸርነት ይህ ነው አይባልም። ደንበኛው ሱቅ ይገባ ነበር፤ ሌላ ቦታ በነጻ የሚታደል ስቲከር ደህና ዶላር አውጥቶ ይገዛ ነበር፤ ባለሱቁም በግዢው ልቡ ስለተነካ አንዲት ከረጢት ይመርቅለት ነበር። ሰሙ ስቲከር፣ ወርቁ ዊድ። የጎንጅ መምህራን ለዓመታት የደከሙበትን ቅኔ ልጆቻችን በአንድ ቅዳሜ ተካኑት። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ከተማው 21 ዓመት የሞላው ሁሉ ያለ ሐኪም ማስረጃ «ታካሚ ነኝ» ብሎ ራሱ እንዲመሰክር ፈቀደ። በሽታውን ያገኘው ራሱ፣ መድኃኒቱን ያዘዘው ራሱ። ሕመሙ አርብ አመሻሽ ላይ የሚበረታበትን ምክንያት ግን ሳይንስ ገና አልደረሰበትም።

ኢኒሼቲቭ 71 እንዲወጣ የታገሉት ሰዎች የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፤ ዋናው ምክንያት ፖሊስ ጥቁር ልጆችን በኪስ ዊድ እየለቀመ ማሰሩ ነው። ለእኛ ልጅ ከዚያ ሁሉ ትግል የተረፈው የቦብ ማርሌይ ቲሸርት ነው።

አባትየውን ደግሞ እንስማቸው። «ይሄ ሐሺሻም! አገር አሰደበ!» ይላሉ፣ የግራ ጉንጫቸው እንደ ሎሚ አብጦ። አዲስ አበባ ላይ ግብር ተከፍሎበት በየሱቁ የሚሸጠው፣ ለአገር የውጭ ምንዛሪ የሚያስገባው ጫት፣ አትላንቲክን ሲሻገር ማዕረጉ ይለወጣል። በውስጡ ያለውን ካቲኖን የአሜሪካ ሕግ ከሄሮይን ጋር አንድ መደብ ውስጥ ከቶታል። የአባትየው ጫት ጉምሩክ የደረሰው «አረንጓዴ ሻይ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ነው። ልጁ የሚያጨሰው ነገር በአንጻሩ እዚህ ጋዜጣ ላይ ይተዋወቃል፤ አገር ቤት ግን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ወኅኒ ያወርዳል። አባትና ልጅ፣ አንዱ ሕጋዊ በሆነበት አገር ሌላው ወንጀለኛ ነው እንግዲህ። ሲጣሉ ግን ክርክራቸው ከአንድ አፍ የወጣ ይመስላል፦ «ቅጠል እኮ ነው፤ እግዜር የፈጠረው!»

እኔ በበኩሌ ሊቃችንን የምታዘበው በማጨሱ አይደለም፤ ጥናቱን ከመሃል በማቋረጡ ነው። ከዲሲ ሕግ በላይ የፌዴራል ሕግ የሚባል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲወጣ ማሪዋናንም ያው ሄሮይን ያለበት መደብ ውስጥ ነው የጻፋት። ኪሱ ውስጥ ፓስፖርት ሳይሆን ግሪን ካርድ ላለው ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ስቴቱ ቢፈቅድም ባይፈቅድም፣ ማሪዋና የያዘ ወይም የተጠቀመ የሲቲዝንሺፕ አመልካች «መልካም ሥነ ምግባር» ይጎድለዋል ተብሎ ሊወድቅ ይችላል። መከሰስ አያስፈልግም፤ በገዛ አፉ ማመኑ ይበቃል። ሕጉ የሚምረው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለራሱ፣ ከ30 ግራም ያልበለጠ የያዘውን ነው። ሊቃችን በቃሉ የያዘው ሁለት አውንስ ግን ሲመዘን ወደ 57 ግራም ይጠጋል።

ቃለ መጠይቁ ቀን ይደርሳል። ልጁ ክራባት አስሮ፣ ቀኝ እጁን አንሥቶ ይምላል። ፎርሙ ላይ ወንጀል ሠርተህ ሳትያዝ የቀረህበት ጊዜ አለ ወይ የሚል ጥያቄ አለ፤ መኮንኑ ፈገግ እንዳለ ያነብለታል። ለመልሱ አላስብም፤ ከናይንዝ ስትሪት ጀምሮ ሲለማመደው የኖረ ነው። «አዎ፣ ግን ቅጠል እኮ ነው፤ እግዜር የፈጠረው!» ይላል። መኮንኑም አንዲት ቃል ሳያጎድል ይጽፍለታል።